በገንዳው የሞቁት ጣሳዎች

ሁለተኛው ወር፣ 9ኛው ቀን
ከባሕሩ ዳር

ለታናሽ እኅቴ ለሪትሱኮ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እዚህ በረዶው የመስኮቱን ግማሽ አልፏል፤ ጠዋት ጠዋት በሩን የምንከፍተው በአካፋ ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። መልስ ያዘገየሁት ረስቼ እንዳይመስልሽ፤ ተናድጄ ነው።

መጀመሪያ ወሬውን እንካፈል። ዓሣ ሻጯ ሃማጉቺ ልጇን ዳረች። ሙሽራው ከሙሽሪት በአንድ ራስ ያጥራል። «ፍቅር በቁመት አይለካም» ስትለን ከርማ፣ ፎቶ ሲነሱ የዓሣ ሣጥን ገልብጣ ከላዩ አቆመችው! ማደሪያችን ሙሉ ነው። የኑክሌር ኃይል ጣቢያው ለምርመራ ስለተዘጋ ከየአገሩ የመጡት ሠራተኞች እኛ ዘንድ ናቸው፤ አሥራ አራት ወንድ፣ ሃያ ስምንት እርጥብ ካልሲ። አንዱ በእንቅልፍ ልቡ ይዘፍናል፤ ድምፁ ግን ነቅቶ ከሚዘፍነው ይሻላል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ጥያቄሽን አይቻታለሁ። ለላክሁልሽ የደረቀ ዓሣ ካመሰገንሽ በኋላ፣ ጉንፋኔን ከጠየቅሽ በኋላ፣ መጨረሻው መስመር ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሻታል። እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ፤ ነገር ስትደብቂ የት እንደምትደብቂ አውቃለሁ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ክረምት ባለቤቴ በጣቢያው ሁለተኛ ማመንጫ ውስጥ የሠራውን ሥራ ለምን ዛሬ ትጎረጉሪዋለሽ? ገመዶቹ የሚያልፉባቸውን የግድግዳ ቀዳዳዎች እየደፈነ ሦስት ወር በጀርባው ተኝቶ ሠራ። ወገቡ እስከ ዛሬ አልተቃናም። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመትሽ ነበር። በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደረሰሽ እሱ ነው። የእሱ ሥራ መድፈን ነበር፤ የአንቺ ሥራ ማቃጠል ሆነ። ይሁን፤ እንጀራ ነው። ግን የሰው ነገር ሁሉ አለልሽ፣ የጋሼ ዮሺዞን ስም ለምን ወደ ምድጃሽ ትጨምሪያለሽ?

መልስ የለኝም። ዓሣውን ብዪ፤ ጉንፋኔ ለቆኛል።

እትዬሽ ፉሳኖ


ሁለተኛው ወር፣ 17ኛው ቀን
ከእሳት መፈተኛው

እትዬ፣

ይቅርታ። በፊት ለፊት በር መግባት ሲገባኝ እንደ ሌባ በጓሮ ገባሁብሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆሜ።

ማክሰኞ ስልክ ደውለሽ «ማን ነው የነገረሽ?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ማንም አልነገረኝም፤ ግድግዳው ራሱ ነው የነገረኝ። ባለፈው መኸር በሁለተኛው ማመንጫ አሮጌ ገመድ ሲቀይሩ ከአንዱ ቀዳዳ ያወጡትን የአረፋ ድፍን በካርቶን ጠቅልለው ላኩልን። ከውጭ ሲያዩት እንደ ቶፉ አይብ የለሰለሰ ነው። በመጋዝ ለሁለት ከፈልሁት። ውስጡ ዋሻ ነው፣ እትዬ። ጡጫዬ ገባበት።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ። ግድግዳ እንሠራለን፣ እንበሳዋለን፣ ገመድ እናሳልፍበታለን፣ ቀዳዳውን እንደፍናለን። ከዚያ በአንዱ ወገን ምድጃ ለኩሰን ሦስት ሰዓት እንጠብቃለን። እሳቱ ወደ ወዲህኛው ወገን ካልተሻገረ ድፍኑ አለፈ ማለት ነው። ጣቢያው ውስጥ የማቀዝቀዣውን ውኃ የሚገፉት ሞተሮች በሁለት መስመር ነው የሚታዘዙት፤ አንዱ ክፍል ቢቃጠል የሌላው ክፍል መስመር እንዲተርፍ በመካከል ግድግዳ አለ። ግድግዳ ደግሞ የሚበረታው በቀዳዳው ልክ ነው። ሁለቱም መስመሮች አብረው ከነደዱ ምን እንደሚሆን በደብዳቤ መጻፍ አልወድም። አንቺ ከዚያ አራት ኪሎ ሜትር ርቀሽ ነው የምትተኚው።

ባለፈው ወር አረፋውን የሚሸጡት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ድፍን ሠሩልን። ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ በሞቀ ክፍል፣ ቆመው! ሦስት ሰዓት ምንም ሳይሆን አለፈ። አሁን «የሁለተኛው ማመንጫ ድፍኖች በሙሉ እንዲህ ናቸው» የሚል ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ማኅተሜን ይጠብቃል። እስከ ሦስተኛው ወር 25ኛ ቀን ካላተምሁ ጣቢያው በአራተኛው ወር አይከፈትም። አላተምሁም። ግድግዳው ውስጥ ያለው በተሠራበት አኳኋን ሌላ ድፍን ተሠርቶ ካልተቃጠለ አላትምም።

ኃላፊዬ አቶ ኩኒሞቶ ጠሩኝ፤ እንደ ወትሮው በቤተሰብ ስሜ።

«ኦሪታ፣ የፈተንሽው አልፏል። ያለፈውን አልፏል ብለሽ አትሚ።»

«የፈተንሁት እዚህ የተሠራውን ነው። እዚያ ያለው ሌላ ነው።»

«አንዲት ድፍን አይተሽ?»

«አንድ ጥርሱ የበሰበሰ ሰው የቀሩትን አያሳይም?»

«አንቺ የጥርስ ሐኪም አይደለሽም።»

«ታዲያ ለምን ሁላችሁም አፋችሁን ትዘጉብኛላችሁ?»

ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሲሞክሩ ሳል ሆነባቸው። ማተሙን ግን አልተዉልኝም። ስለዚህ በፊት ለፊት በር ልጠይቅሽ፤ በጣሳ የሚመጣው የአረፋው ፈሳሽ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ጠባዩ ይለወጣል። በዚያ ክረምት ጣሳዎቹን እንዴት ነበር የሚያሞቋቸው?

ሪትሱኮ


ሁለተኛው ወር፣ 26ኛው ቀን

ሪትሱ፣

አልነግርሽም ብዬ ምዬ ነበር። መሐላዬን ያስፈረሰኝ የጣቢያው የሕዝብ ግንኙነት ሰውዬ ነው፤ ምስጋናው ለእሱ ይድረሰው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ኬክ ይዞ መጣ፤ ያውም ከከተማው ኬክ ቤት፣ በሪባን የታሠረ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ሻይ ቀዳሁለት።

«ወይዘሮ ፉሳኖ፣ ቤትዎ ሁልጊዜ ሞቅ እንዳለ ነው።»

«ካልሲ ስለምናደርቅበት ነው» አልሁት።

«እኅትዎ ጎበዝ ናት ይባላል። ጎበዝ ሰው ታዲያ አንዳንዴ ሥራ ሥራ ሲል ቤተሰቡን ይረሳል። ለሚቀጥለው ምርመራ ሠራተኞቻችንን የት እንደምናሳድር ገና አልወሰንንም፤ ሌሎችም ማደሪያዎች እየጠየቁን ነው። እስቲ እርስዎ ይምከሯት።»

ይታይሽ! በቤቴ ገብቶ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ እኅቴን እንዴት እንደምይዛት ያስተምረኛል። ኬኩን አንሥቼ አስታቀፍሁት። «ይዘውት ይሂዱ፣ ባለቤቴ ስኳር አለበት» አልሁ። ዮሺዞ ስኳር የለበትም። ያን ኬክ ደግሞ ከምንም በላይ ይወደዋል። በመጋረጃው ስንጥቅ ሲያይ ነበር፤ ከሰውዬው ይልቅ ኬኩን ነው በዓይኑ የሸኘው።

እንግዲህ ስሚ። በዚያ ክረምት ግቢው ውስጥ ምድጃ መለኮስ ክልክል ነበር፤ ለእሳት ጥንቃቄ ነው አሉ። ጣሳዎቹ የሚቀመጡበት መጋዘን ውስጥ በባልዲ ያለ ውኃ በረዶ ሆኖ ይጋገር ነበር። ሁለቱ ፈሳሾች ሲቀላቀሉ እንደ ሊጥ ኩፍ ማለት አለባቸው፤ በዚያ ብርድ ግን ወይ ፍንክች። ዮሺዞ ለአሠሪው ሦስት ጊዜ አመለከተ። ሦስቱንም ጊዜ «በቀኑ ጨርሱ» ተባለ። በአራተኛው ጣሳዎቹን በጋሪ ጭኖ ወደ ቤት መጣ።

መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ዘፈዘፋቸው፣ ሪትሱ። እንግዶቼ ከመግባታቸው በፊት ጣሳ ይታጠብ ነበር። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እየሮጡ ይወስዷቸዋል፤ ከአልጋ ያነሣሁትን የራሴን ብርድ ልብስ። የጣሳው ዳር ዳሩ ይፈላል፣ መሀሉ በረዶ ነው። ግን አረፋው ኩፍ አለ! ፊቱም አማረ። ብልሃት መስሎን በሳቅ ሞትን። «ሕፃናቱን አጥቤ ላክኋቸው» እያልሁ ለመንደሩ ሁሉ አውርቻለሁ።

ይኸው ነገርሁሽ። ስሙን ግን እንዳትጽፊ። ያንን ቃል ግቢልኝ።

ፉሳኖ


ሦስተኛው ወር፣ 5ኛው ቀን

እትዬ፣

ቃሌ ነው፤ የጋሼ ስም አይጻፍም። «በወቅቱ በነበረው አሠራር» ብዬ አልፈዋለሁ። ብርድ ልብሱ ግን ከልቤ አልወጣ አለ።

እንደዚያው ያለ ድፍን መሥራት ተሳክቶልሽ እንደሆነ በስልክ ጠይቀሻል። አልተሳካልኝም። ከመደብር አራት ጣሳ አስመጥቼ በራሴ መታጠቢያ ዘፈዘፍኋቸው፤ የታችኛው ጎረቤቴ ቱቦው ለምን እንደሚጮህ ሊጠይቅ መጥቶ ጣሳዎቹን አየና ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ቀላቀልሁ፣ አፈሰስሁ። በጣም የተዋጣለት ድፍን ሆነ! አንዲት ዋሻ የለውም። ሁለተኛውንም ሞከርሁ፣ እሱም ተዋጣ። እኔ በእርጋታ፣ ቆሜ፣ መብራት በርቶልኝ እያማሰልሁ ነው። እሳቸው ተጋድመው፣ በአንድ እጅ፣ ጣቶቻቸው ደንዝዘው ነው የሠሩት። የእሳቸውን ስህተት መሥራት አልቻልሁም።

አቶ ኩኒሞቶም ይህን አውቀዋል። «አንቺ የተበላሸ ድፍን ብትሠሪ ሆን ብላ አበላሸችው ይሉሻል፤ የተስተካከለ ብትሠሪ ደግሞ ምን ጎደለው ይሉሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሃያ ቀን ቀርቶኛል። የክፍሉ ሰዎች ምሳ ሲበሉ አጠገቤ አይቀመጡም፤ ጥሩው ነገር ጠረጴዛው ሰፋልኝ። አንዱ ትላንት በጆሮዬ «ኦሪታ፣ አንዲት ቀይ ክብ ናት እኮ፣ ምን አለበት?» አለኝ። «አንዲት ክብ ከሆነች አንተ አትማት» አልሁት። ሻዩን ይዞ ተነሣ።

እንግዲህ የሚያስፈልገኝ ያንን ሥራ የሠራው እጅ ነው። ግን አልጠይቅም። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ወገባቸው ታሟል፣ መጥተው የራሳቸውን ሥራ ሲወድቅ እዩት አልላቸውም። እየጠየቅሁሽ አይደለም፤ ይህን የጻፍሁት አለመጠየቄን እንድታውቂ ነው። ደብዳቤውን አንብበሽ አስቀምጪው፤ ጋሼ እንዳያዩት።

ሪትሱኮ


ሦስተኛው ወር፣ 12ኛው ቀን

ሪትሱ፣

አስቀመጥሁት። የሩዝ ዕቃው ሥር። ይህ ቤት ማደሪያ መሆኑን፣ የሩዝ ዕቃው ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚከፈት እንዴት ረሳሁት?

ከትላንት በስቲያ ከገበያ ስመለስ ወጥ ቤት ተቀምጧል፤ መነጽሩን አድርጓል። እሱ መነጽር ያደረገበትን ቀን በጣቶቼ እቆጥረዋለሁ።

«‹በወቅቱ በነበረው አሠራር› ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«አንተን ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ዮሺዞ አትልም?»

«እኔ ነኝ አትጻፊ ያልኋት።»

«አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ብርድ ልብሴን የሰጠሁ ነኝ!»

መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ «አንቺ ሴትዮ፣ ስም የሌለው ሥራ የሠራሁ አስመሰላችሁኝ እኮ» አለ። የተቆጣው በስህተቱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በመደበቁ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህንን አላወቅሁም ነበር። እራቱን ሙሉውን በላ፤ ሲናደድ ይበላል።

ዛሬ ጠዋት ተነሥቶ የድሮውን ባልዲ፣ የመቀላቀያውን ዱላና አንድ ቅያሪ ልብስ በሻንጣ ከተተ።

«ወዴት ነው?»

«እሳት ልሞቅ።»

«ምድጃ እዚህ የለም?»

«የዚያኛው ይበልጣል አሉ።»

የስምንት ሰዓቱ ባቡር ላይ ነው። ደብዳቤዬ ከእሱ በኋላ ይደርስሻል፤ ስለዚህ ይህን ስታነቢ ወለልሽ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል። ሲያንኮራፋ በግራ ጎኑ አገላብጪው። ምስር አትስጪው፣ ሆዱን ይነፋዋል። ሌላ ምንም አልልሽም፤ ልበል ብል ብዕሩ አይታዘዘኝም።

ፉሳኖ


ሦስተኛው ወር፣ 22ኛው ቀን

እትዬ፣

አዎ፣ ይበላሉ። አዎ፣ መድኃኒታቸውን ወስደዋል። የለም፣ አላለቀሱም። ሦስቱንም በስልክ ጠይቀሽኝ፣ አራተኛውን ግን መጠየቅ ፈርተሽ ዘጋሽው። እሱን በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው።

አርባ አንድ ደቂቃ።

ጋሼ እንደ ድሮው ጣሳ በገንዳ አሙቀው፣ ተጋድመው የደፈኑት፣ ሦስት ሰዓት መቆም የነበረበት፣ አርባ አንድ ደቂቃ ቆመ። የሆነውን ሁሉ አልተርክልሽም፤ እሳቸው ከፈለጉ ይንገሩሽ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። በቀዝቃዛው ወገን ድፍኑ ሲሰነጠቅ ጥጥ በሽቦ ይዘን እናስጠጋበታለን፤ ጥጡ ከነደደ ድፍኑ ወድቋል። ጋሼ ጥጡን ካልያዝሁ አሉ። አቶ ኩኒሞቶ «አይቻልም፣ ሠራተኛ አይደሉም» ቢሏቸው «ድፍኑን ስሠራ ሠራተኛ ነበርሁ፤ ሲወድቅ እንግዳ ልሁን?» አሏቸው። የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ ቆሞ ያይ ነበርና ሽቦውን ሰጧቸው። ጥጡን ወደ ስንጥቁ አስጠጉት። «ነደደ። ጻፉት» አሉ። ከዚያ ወጥተው ግቢው ውስጥ ላለው ድመት የምሳቸውን ዓሣ ሰጡት።

ሪፖርቱን በዚያው ቀን ጻፍሁ። ማኅተም አሳርፌበታለሁ። በእኛ መሥሪያ ቤት የበታች ማኅተም ቀጥ ብሎ አይቆምም። በወረቀቱ ላይ የየሰዉ ስም ማኅተም የሚያርፍባቸው ሳጥኖች በተርታ ናቸው፤ የኃላፊው ከዳር ነው፣ እኛ የኛን ወደሱ ትንሽ ዘንበል አድርገን ነው የምናትመው፣ ስሙ እጅ የሚነሣ እንዲመስል። አሥር ዓመት አጎንብሼ አትሜያለሁ። ይህንን ቀጥ አድርጌ አተምሁት።

አቶ ኩኒሞቶ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «ትንሽ እንኳ አላጎነበስሽም?»

«ቤተሰባችን ወገቡን ያመዋል» አልኋቸው።

ከቀጣዩ ወር ጀምሮ መዝገብ ቤት ነኝ። ምድጃው አጠገብ እንዳልደርስ ተነግሮኛል። ሪፖርቱ ግን ወጥቷል፤ የጋሼ ስምም ራሳቸው እንዳዘዙት በገጽ ሦስት ላይ በሙሉ ተጽፏል። በ26ኛው ቀን ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር ይመጣሉ። ባቡር ጣቢያ ሄደሽ ተቀበያቸው፤ ሻንጣውን ግን ልያዝልህ እንዳትዪ።

ሪትሱኮ


አራተኛው ወር፣ 19ኛው ቀን

ሪትሱ፣

የቼሪው አበባ ወጥቶ ዝናብ አወረደው። ጣቢያው አልተከፈተም። ሠራተኞቹን ወደ ሌላ ማደሪያ አዛወሯቸው፤ ዘፋኙ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ተሰናበተኝ። አሥራ አራት ክፍል ባዶ ነው። እርጥብ ካልሲ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሃማጉቺ ስታየኝ መንገድ ትሻገራለች፤ ያ አጭር ሙሽራ ግን በየማለዳው ሰርዲን ጥሎልኝ ይሄዳል። ልክ ነበረች፣ ፍቅር በቁመት አይለካም።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ዮሺዞ ሲመጣ እራቱን እንኳ ሳይቀምስ ወደ ሰገነት ወጣ። የዚያን ክረምት የሥራ ማስታወሻውን አወረደ። ከገንዳችን በወጣ ጣሳ የተደፈነው ቀዳዳ ሁሉ፣ ክፍሉ፣ ቀኑ፣ የዚያ ቀን ብርድ ስንት እንደነበረ፣ ሁሉም አለ። ስድሳ ሦስት ቀዳዳ። አሥራ አንድ ዓመት ከራሳችን በላይ ተቀምጦ ነበር። «ለምን ጻፍኸው?» ብለው «አልዋጥልኝ ብሎ ነበር» አለኝ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል አልተዋጠለትም ነበር። እኔ ግን ስቄ ነው የኖርሁት።

ድፍኖቹን እኔው ላድሳቸው ብሎ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ጣቢያው ሄደ። በሩ ላይ ያ የኬኩ ሰውዬ ተቀበለው።

«እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል፤ ወጣቶቹ ይሠሩታል» አለው።

«ወጣቶቹ የት ጋ እንደተሳሳትሁ ከየት ያውቁታል?»

«ዝርዝሩን ይስጡና ይሂዱ።»

«ዝርዝሩና እኔ አብረን ነን የመጣነው።»

ስድስት ቀን በተከታታይ እየሄደ ቆመ፤ ምሳውን ቋጥሬለት ነበር። በሰባተኛው ተቆጣጣሪው መጥቶ አስገባው።

ተጸጸትሽ ወይ ላልሽኝ፦ ክፍሎቹን አይቼ አዝናለሁ፤ ይህን አልዋሽሽም። መጸጸት ግን ሌላ ነው። በመስኮቴ ያን ጣቢያ እያየሁ ነው የምነሣው። ድሮ የሠራው ሰው አጠገቤ ተኝቷል ብዬ እተማመን ነበር። አሁን የተሳሳተበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተኝቷል። ይህኛው ይበልጥ ያስተኛል። ኬክ ይዘው ቢመጡም፣ ይዘው ቢሄዱም።

ፉሳኖ


ስድስተኛው ወር፣ 3ኛው ቀን

ሪትሱ፣

እኔ ደብዳቤ አልችልም፤ እትዬሽ ልጻፍልህ ብትለኝ እምቢ ያልሁት ወሬ ስለምታበዛ ነው።

ከግቢው ውስጥ የሞቀ መጋዘን ካልሠራችሁ ጣሳ አልከፍትም አልኋቸው። አንድ ወር አስጠበቁኝ። ሠሩት። ወገቤን በገመድ አስሬ ዛሬ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ደፈንሁ። ስድሳ ሁለት ይቀራል።

በዚያው ቀን፣ ከዚያው ጣሳ፣ በዚያው እጅ፣ ተጋድሜ አንድ ሌላ ደፍኛለሁ። ከነግድግዳው በሣጥን ታሽጎ በጭነት መኪና ተልኮልሻል። ጎኑ ላይ ስሜን ጽፌበታለሁ። ለአረፋ ሻጮቹ አትስጪው፣ ለኩኒሞቶም አትስጪው።

መዝገብ ቤት ነኝ፣ ምድጃው ተከልክሎብኛል እንዳትዪኝ። እኔም በር ላይ ተከልክዬ ነበር።

አቃጥዪው። ሦስት ሰዓት ካልቆመ ሁለተኛውን ቀዳዳ አልነካም።

ዮሺዞ